ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን መንሸራተትና ዘይት ማንጠባጠብ

በየወረዳው የግብርናን ሥራ የሚመሩ ሹማምንት እንደሚያውቁት፣ ሠራተኛው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሯ በቆመች ቀን የዘሩ ምክርም፣ የተባዩ ወሬም፣ የማዳበሪያው ቍጥርም አብሮ ይቆማል። እኔ የጥገና ሒሳብ ሰነድ ሳገላብጥ ብዙ ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ለመለዋወጫ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት ስለሚገዛ መሆኑን አይቻለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ በደሴ ፒያሳ የደረሰብኝ ነገር ነው። ከአንድ ወረዳ የመጣች አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 የፍሪሲዮን ሸራዋ ሁሉ በአዲስ ከተለወጠ በኋላ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትወጣ እንደ ቀድሞው ድምፅዋ ብቻ ይጮኽ ነበር እንጂ ፍጥነቷ አልጨመረም። ክፍያውን ጽፌ ያቀረብሁ እኔ ስለሆንሁ ነገሩ አሳፈረኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አንዲት ቡሎን እንኳ ሳይፈቱ የፍሪሲዮኑን እጀታ በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ኬብሉ ተወጥሯል፤ ይህች ሞተር ሌሊትና ቀን ፍሪሲዮን እንደ ተያዘች ናት» አሉኝ። የተጣለውን ሸራ አስመጥተው ቢለኩትም ገና የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ። ቅኔ ቤት ያደግሁት እኔ የሞላንና የሮንዴላን፣ የካንዴላንና የማርሚታን ትርጓሜ መማር የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ እነዚህ ስሞች ሁሉ እንደ ፒያሳ ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው።

እንግዲህ ፍሪሲዮን ተንሸራተተ የሚባለው ሞተሩ እየዞረ ኃይሉ ወደ ኋላው ጎማ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ይህንንም ለመለየት የኮምቦልቻና የደሴ መንገድ የታመነ መፈተኛ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ስትሆን ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለውም መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ዳገቱ ብርቱ ነው። ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛ ሞተርም ይደክማል። ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል። በከፍታ የደከመ ሞተር ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ይወርዳሉ። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ግን ቤንዚን ሲጨመርለት ድምፁ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል፤ ሲብስም የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

መንሸራተቱ ከተረጋገጠ አስቀድሞ የሚታየው ኬብሉ ነው። በዲቲ 125 ላይ እጀታው ኬብሉን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከሥሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። ቀጥሎ ምን ዘይት እንደ ተጨመረ ይጠየቅ። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለመኪና የተሠራና ማለስለሻ የተቀላቀለበት ዘይት ሸራውን ያንሸራትተዋል። በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የተፈቀደ ነው። ሸራና ሞላ መግዛት የሚገባው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው። በተቃራኒው እጀታው ተይዞ ሳለ ሞተሯ አንደኛ ማርሽ ሲገባላት ወደ ፊት የምትዘል እንደሆነ፣ ኬብሉ ከመጠን በላይ ላልቷል ወይም ሳህኖቹ ተጣመዋል። በደሴ ብርድ ያደረች ሞተር ጧት ጥቂት ብትዘል ዘይቱ ስለ ወፈረ ነው፤ ስትሞቅ ይተዋታል።

ወደ ዘይቱ ስንመለስ፣ ብዙ ሰው ጠብታው ከወደቀበት በላይ ያለውን ጓርኒሲዮን ይወቅሳል። ዘይት ግን በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ በነፋስም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ስለዚህ ምንጩ የሚፈለገው ከረጠበው ቦታ ሁሉ ላይኛውና ፊተኛው ዘንድ ነው። ሞተሩ በላምባ ታጥቦ ይድረቅ፣ ነጭ ዱቄት ይነስነስበት፣ ጥቂት ተነድቶም ይታይ፤ ዘይቱ ዱቄቱ ላይ መንገዱን ይጽፋል። በሰንሰለቱ ጥርስ አጠገብ የሚታይ ጥቁር ቅባት ብዙ ጊዜ የሰንሰለቱ ቅባት ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ ሲደፈንም በውስጥ የታመቀው አየር ዘይቱን በደኅናው ኦይል ሲል በኩል ይገፋዋል፤ ቱቦውን መጥረግ ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ቡሎኑን እስኪጮኽ ማጥበቅ ግን አይገባም፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላና ትንሹ ፍሳሽ ትልቅ ወጪ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስፈራው በውጭ የማይታየው ፍሳሽ ነው። ዲቲ 125 ቤንዚንን ከዘይት ጋር የምታቃጥል ባለ ሁለት ምት ሞተር ስትሆን፣ የማርሹ ዘይት ለብቻው ነው። ከሞተሩ ዋና ዘንግ በስተቀኝ ያለው ኦይል ሲል ባረጀ ጊዜ ሞተሩ የማርሹን ዘይት እየሳበ ያቃጥለዋል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አትታይም፤ ነገር ግን ማርሚታው ነጣ ያለ ወፍራም ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፣ የማርሹም ዘይት ይጐድላል። በስተግራ ያለው ሲያረጅ ደግሞ አየር ስለሚገባ ሞተሩ ሳይነካ ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ በየሞተሯ ደብተር ላይ የማርሽ ዘይት የተጨመረበት ቀንና ልክ ይጻፍ፤ ጠብታ ሳይታይ ዘይቱ በየጊዜው የሚጐድል ከሆነ ሞተሯ ወደ መስክ ሳትወጣ ወደ መካኒክ ትላክ።