ባክአፑን የሚጽፈው ማነው?

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት የገጠመኝን ላካፍላችሁ። የደመወዙ ዳታቤዝ በአንድ ዶሜይን፣ ባክአፕ የሚቀመጥበት ሰርቨር ደግሞ በሌላ ዶሜይን ውስጥ ነበሩ። በሁለቱ መካከል “ትረስት” የሚባለው የመተማመን ግንኙነት የለም። እኔ በተሰጠኝ ስምና ፓስወርድ የባክአፑን ፎልደር ከፍቼ ፋይል ጻፍኩበት፤ እሺ አለ። ከዳታቤዙ ላይ የባክአፕ ትዕዛዝ ስሰጥ ግን “ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኤረር 5፣ አክሰስ ኢዝ ዲናይድ” የሚል መጣብኝ። እኔ የገባሁበት በር እሱን ለምን ከለከለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በማይክሮሶፍት ኤስ.ኪው.ኤል ሰርቨር ትዕዛዙን የምንሰጠው እኛ ብንሆንም በኔትወርክ ሄዶ ፋይሉን የሚጽፈው የዳታቤዙ ሰርቪስ በራሱ አካውንት ነው። ይህ አካውንት የሌላ ኮሌጅ መታወቂያ ይዞ ቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ እንደቆመ ተማሪ ማለት ነው። መታወቂያው ሐሰተኛ አይደለም፤ ዘበኛው የሚያመሳክርበት መዝገብ ግን የለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛው ዘዴ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ስሙም ፓስወርዱም አንድ የሆነ ሎካል አካውንት ከፍቶ ሰርቪሱን በዚያ ማስነሳት ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ ሠራ። በኋላ ግን በአንደኛው ማሽን ላይ ብቻ ፓስወርዱ ተቀየረ። ባክአፑ ቆመ፤ ሎጉን የከፈተ ሰው አልነበረም። ስናውቀው 19 ቀን አልፎታል። ያን ሰሞን ዲስኩ ቢበላሽ ኖሮ የስንቱ ሠራተኛ ሒሳብ ጠፍቶ ነበር! በዚያ ላይ ዘዴው የሚመካው ኤን.ቲ.ኤል.ኤም በተባለው አሮጌ የማረጋገጫ ስልት ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ይህን ስልት ወደፊት ከሚያስቀራቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ዘዴ አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ዳታቤዙ ባክአፑን በራሱ ማሽን ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ የባክአፕ ሰርቨሩ ደግሞ መጥቶ ይወስዳል። ለዚህም በባክአፕ ሶፍትዌሩ ላይ የዳታቤዙ ዶሜይን አካውንት ይመዘገባል፤ ፈቃዱም ያንን ፎልደር ማንበብ ብቻ ይሁን። አካውንቱን የሚያረጋግጠው የራሱ ዶሜይን ስለሆነ ትረስት አያስፈልግም። ሌላም ጥቅም አለው፦ የዳታቤዙ ማሽን የባክአፑ ቤት ቁልፍ ስለማይኖረው ቫይረስ ቢገባበት እንኳ በዚያ ቁልፍ ተሻግሮ የተቀመጠውን ማጥፋት አይችልም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስብ፤ የትኛውንም ዘዴ ብትመርጡ ሎጉን በየቀኑ እዩ፣ አልፎ አልፎም ባክአፑን በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ሞክሩ። ያልተሞከረ ባክአፕ እኮ አለ ማለት አይቻልም።