ኢንተርኔት ከሮብ ገበያ ሲታይ

ሮብ ገበያ ስሙን ያገኘው ገበያው ከሚቆምበት ቀን ነው። በቢቸናና በሞጣ አገር ያለ ገበሬ ረቡዕ ዕለት ወንዝ ቢሞላበት ጤፉን ይዞ አይቀርም፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ፣ ወደ ሌላ ገበያ ይጭናል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን በልብህ ያዝልኝ፤ የኢንተርኔት ጥንተ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1964 ፖል ባራን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ባወጣው ጥናት የመገናኛ መረብ አንድ እምብርት ሊኖረው እንደማይገባ አስረዳ። መልእክቱ በትንንሽ እሽግ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ እሽግ ባገኘው መንገድ ይሂድ፤ አንዱ ጣቢያ ቢጠፋ በሌላው ይዙር፤ ሲደርስ ይገጣጠም አለ። የዛሬው ኢንተርኔትም መልእክት የሚያደርሰው በእሽግ ነው።

ዳሩ ግን መረቡ ወደ እኛ ሲደርስ ክር ይሆናል። አገራችን ወደብ ስለሌላት ከባሕር ውስጥ ገመድ ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ ከዚያ እስከ ወረዳው የስልክ ማማ ድረስም መስመሩ በጥቂት እጆች ያልፋል። ክር ደግሞ በአንድ መቀስ ይቆረጣል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ውጊያው ሲበረታ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ ስፍራም ለወራት ሳይመለስ ቆየ።

ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁሉ ነገር እኩል አይዘጋም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር *127# ተደውሎም ይሠራል፤ ይህም የስልኩን ኔትወርክ እንጂ ኢንተርኔትን አይሻም። ባለ ቁልፉ ርካሽ ስልክ ከውዱ ጋር የሚተካከለው በዚህ ነው።

ስለ ወደፊቱ ሲነገር ብዙው ሰው የሚያወራው ስለ ሳተላይት ነው። እውነት ነው፣ ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው የሚዞሩት አዲሶቹ ሳተላይቶች ገመድ ያልደረሰበትን ቀበሌ ይደርሱበታል። ሆኖም ባለቤታቸው አንድ ኩባንያ ነው፤ ፈቃዱም ከመንግሥት ነው። ሰማይ ላይ የወጣ መቀስም መቀስ ነው።

እኔን የበለጠ የሚያጓጓኝ ሌላው መንገድ ነው። ዛሬ የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ የሚነግረን ጽሑፉ በማን ኮምፒዩተር እንዳለ ነው፤ ያ ኮምፒዩተር ካልተገኘ ጽሑፉም የለም። አይ ፒ ኤፍ ኤስ በተባለው ዘዴ ግን አድራሻው ከጽሑፉ ከራሱ የሚወጣ አሻራ ነው። ቅጂው ያለው ሁሉ ሊያቀብል ይችላል፤ ተቀባዩም በአሻራው እንዳልተለወጠ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቱርክ ውክፔዲያን ስትዘጋ የቱርክኛው ቅጂ በዚህ ዘዴ ተሰራጭቷል። እንግዲህ አንድ መምህር ከቢቸና ያመጣው መጽሐፍ ወደ ውጭ አገር ሳይሄድ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሊዳረስ ይችላል ማለት ነው።

የተቀመጠ ቅጂ ግን የዛሬውን የእህል ዋጋ አይነግርም። ለዚህ ደግሞ ብራያርን የመሰሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ መልእክትን ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ ያሻግራሉ። ጉድለታቸው ሩቅ አለመድረሳቸው ነው፤ ብሉቱዝ ብዙ ሜትር አያልፍም። በሮብ ገበያ ረቡዕ ቀን ግን ሰው ከሰው የሚራራቀው ከዚያም ባነሰ ነው።