ዘይትን የሚያበላሽ ነገር ሰውነታችንንም ይነካል

የኑግ ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ቢከርም ምን ይሆናል? ሽታው ይለወጣል፤ ሲቀምሱት ይመራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ግን ምንድን ነው?

አየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባል ጋዝ አለ። ያለ እሱ መኖር አይቻልም። ይሁን እንጂ ይኸው ኦክሲጅን ከእርጥበት ጋር ሆኖ ማረሻን ያዝጋል፤ ቅባትንም ያበላሻል። ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል። የኑግ ዘይት ከ100 እጅ ከ70 የሚበልጠው በኦክሲጅን ቶሎ የሚጠቃ የቅባት ዓይነት ስለሆነ ብዙ አይቆይም።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ አጥር የሚጠብቀው ስስ ገለፈት አለው። የገለፈቱ ዋና ክፍል ቅባት ነው። ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ከኦክሲጅን ያልረጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። የትምባሆ ጭስም ያበዛቸዋል። ቅንጣቱ አንዱን ቅባት ሲነካ፣ የተነካው ደግሞ ጎረቤቱን ይነካል። የሳር ቤት እሳት ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እንደሚዘል ማለት ነው።

ታዲያ እሳቱን ማን ያቆመዋል? ከእህልና ከአትክልት የምናገኛቸው ቫይታሚኖች ናቸው። ቫይታሚን ኢ ገለፈቱ ውስጥ ተቀምጦ ጉዳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት ያግዳል። በኑግ፣ በሱፍና በለውዝ ይገኛል። እሱ ሲደክም እንደገና የሚያነሳው ቫይታሚን ሲ ነው። ይህም በሎሚ፣ በብርቱካን፣ በዘይቱን፣ በጎመንና በቃሪያ አለ። የሃንጋሪው ሊቅ አልበርት ሰንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው በአገሩ ከሚበቅል እርጥብ በርበሬ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፤ በውሃም ይሟሟል። ስለዚህ ጎመንን መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ ክተፉ። በጥቂት ውሃ ቶሎ አብስሉ፤ ውሃውን አትድፉት። ቃሪያን በጥሬው ብሉ።

ሁለተኛ፣ ዘይትን ክዳኑን ገጥማችሁ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ቅቤ ሲነጠር የሚጨመሩት ኮሰረትና እርድም ለሽታ ብቻ አይደሉም፤ ቅቤው ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛሉ።

ሦስተኛ፣ ክኒን የጓሮን አትክልት ይተካል አትበሉ። ለካሮትና ለዱባ ቀለም የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በፊንላንድ በወጣ ጥናት፣ ይህንኑ በክኒን የወሰዱ አጫሾች ካልወሰዱት ይልቅ የሳንባ ካንሰር በዝቶባቸው ተገኝቷል። ካሮቱንና ዱባውን ግን ጥቂት ቅባት ጨምራችሁ ብሉት፤ ሰውነት ቀለሙን የሚቀበለው ከቅባት ጋር ነው።

አትክልት ጤናን ይጠብቃል እንጂ መድኃኒት አይደለም። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤነኛው ግን ከቤቱ ጀርባ ሁለት መደብ ጎመንና ቃሪያ ይትከል።