ጮቄን በትልቅ ሸራ

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ይገኛል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጨሞጋና ሙጋም ከዚሁ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ይህን ደጋ በትንሽ ወረቀት ላይ ሲሥል የኖረ ሠዓሊ አንድ ቀን ትልቅ ሸራ ወጥሮ ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? ዛሬ ልናወጋ ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

ትልቅ ሥዕል ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ፣ ጨርቅ ተለጥፎበት፣ በሥዕል ተሞልቷል። ዳሩ ግን በእንዲህ ያሉት ሥዕሎች የፈረሰኛው ቅዱስ መልክ ሲገን፣ አገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተኋላ የቀለም መደብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተራራውን ባለጉዳይ አድርጎ ማቆም ሌላ ሥራ ነው።

ሒሳቡን እንመልከተው። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የነበረው ንድፍ 2 በ3 ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ አሥር እጥፍ ሳይሆን መቶ እጥፍ ያድጋል። ነፋስ ባለበት ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ሸራ አይቆምምና፣ ሠዓሊው ንድፉን እዚያው ሠርቶ፣ ቤት ገብቶ በካሬ እየከፈለ ያሰፋዋል። ችግሩ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በንድፉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የነበረች ጅባራ በሸራው ላይ አሥር ትሆናለች፤ በአንድ የብሩሽ ጠብታ የታለፈችው አሁን ቅጠልና ግንድ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ አብባ የምትደርቅ መሆኗን የማያውቅ ሰው የትኛዋን እንደሚሥል ግራ ይገባዋል። (እኛም ብንሆን ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።) ስለዚህ ትልቁ ሸራ ሠዓሊውን ወደ ተራራው መልሶ ይሰድደዋል።

ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የሠሩት እንዲሁ በድንገት ተነሥተው አይደለም። ከእንግሊዝ አገር ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ በሹመት ፈንታ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ የሕዝቡን ታሪክና ባህል ማጥናትን መርጠው ነበር። ኋላም ወደ አውሮፓ ተሻግረው የመስታወቱን ጥበብ ተምረዋል።

በጮቄም የሚጠና ሞልቷል። እርሻው ዳገቱን እየወጣ የጓሳውን ሣር አጥብቦታል። በትንሹ ወረቀት ላይ ገብሱና ጓሳው የሚዋሰኑበት አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ጭጋግ መስሎ ሊታለፍ ይችላል። በሦስት ሜትር ሸራ ላይ ግን ሠዓሊው ማረሻው እስከ የት እንደ ደረሰ ወስኖ ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል።