ስለ ወጣት ሙዚቀኞች የኤውሮፓ ውድድር

የልጅ ስጦታ በሕፃንነቱ ይታያል፤ የሚያድገው ግን በትምህርትና በትጋት ነው። ይህንንም በግልጥ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ የኤውሮፓ ወጣት ሙዚቀኞች በየሁለት ዓመቱ የሚገናኙበት፥ በቴሌቪዥንም በብዙ አገር የሚታየው ውድድር ነው። የውድድሩ መነሻና ሥርዐቱ፥ ለወጣቶቹም ያስገኘው ፍሬ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል። ዓመቶቹ የተጻፉት በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የውድድሩ መነሻ

የኤውሮፓ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በ1950 ዓመት አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዋናው መሥሪያ ቤቱም በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ነው። ማኅበሩ በ1956 ዓመት ዩሮቪዥን የተባለውን የዘፈን ውድድር ጀመረ። ከዚህም በኋላ የእንግሊዝ ጣቢያ ቢቢሲ በ1978 ዓመት ለአገሩ ወጣቶች የክላሲክ ሙዚቃ ውድድር አቆመ፤ ማኅበሩም ይህን ምሳሌ ተከትሎ ለብዙ አገሮች የሚሆን ውድድር አዘጋጀ።

የመጀመሪያውም ውድድር በሜይ 11 ቀን 1982 ዓመት፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.፥ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተደረገ። የተካፈሉት አገሮች ኦስትሪያ፥ ፈረንሳይ፥ ምዕራብ ጀርመን፥ ኖርዌይ፥ ስዊስና እንግሊዝ፥ በጠቅላላው 6 ብቻ ነበሩ። ያሸነፈውም ማርኩስ ፓውሊክ የተባለው የምዕራብ ጀርመን ፒያኖ ተጫዋች ነው። ከዚያ ወዲህ የተካፋዮቹ ቍጥር እየበዛ ሄደ። በ2020 ዓመት በዛግሬብ ከተማ ሊደረግ የታሰበው ግን በኮሮና በሽታ ምክንያት ቀረ፤ በ2022 ዓመት በፈረንሳይ አገር በሞንፐልዬ ከተማ እንደ ገና ተደረገ፥ የቼክ አገር ቫዮሊን ተጫዋች ዳንኤል ማቴይቻም አሸነፈ።

የውድድሩ ሥርዐት

ክላሲክ የሚባለው ሙዚቃ ደራሲው በኖታ ጽፎ ያቆየው ነው። ደራሲው ከሞተ 200 ዓመት ቢያልፈውም ጽሕፈቱ ዜማውን ጠብቆ ይኖራል። ይሁን እንጂ ጽሕፈት ብቻውን አይሰማም፤ ሕይወት የሚሰጠው ተጫዋቹ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ኹለት ነገር ይፈለግበታል፤ አንደኛው የተጻፈውን ሳያጓድል መጫወት፥ ኹለተኛው የደራሲውን አሳብ በራሱ ልብ አስተውሎ ለሰሚ ማድረስ ነው። ጣቱ ፈጣን ሆኖ አሳቡ ያልገባው ልጅ ፊደሉን አንብቦ ምሥጢሩን እንዳላወቀ ተማሪ ይቈጠራል።

እያንዳንዱ አገር አንድ ወጣት መርጦ ይልካል። በቅርብ ዓመታት በወጣው ደንብ የተወዳዳሪው ዕድሜ ከ12 እስከ 21 ዓመት ነው። በመጨረሻው ቀን ልጁ ብዙ ሰዎች ካሉበት ታላቅ ኦርኬስትራ ጋራ ይጫወታል። የዘፈኑ ውድድር የተመልካች ድምፅ ይቈጠርበታል፤ በዚህ ግን የሚፈርዱት ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ የሙዚቃ ዐዋቂዎች ናቸው።

ከአሸናፊዎቹ የሚበዙት በቫዮሊንና በፒያኖ የተጫወቱ ናቸው። ቫዮሊን እንደ መሰንቆ በፈረስ ጭራ በተወጠረ ደጋን የሚጫወቱት የክር መሣሪያ ነው። ነገር ግን በ2008 ዓመት የግሪክ ልጅ በክላርኔት፥ በ2010 የስሎቬኒያ ልጅ የዋሽንት ወገን በሆነው በፍሉት፥ በ2016 የፖላንድ ልጅ በሳክስፎን አሸንፈዋል። እንግዲህ መሣሪያው የቱም ቢሆን የሚመዘነው የተጫዋቹ ዕውቀት ነው።

የመምህሩ ድርሻ

በ1988 ዓመት በአምስተርዳም ከተማ በተደረገው ውድድር ጁልያን ራክሊን የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ለኦስትሪያ በቫዮሊን ተጫውቶ አሸነፈ። ልጁ የተወለደው በሊትዌኒያ አገር ሲሆን ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ቪየና የመጣው በሕፃንነቱ ነው። ከዚያም በኋላ በ1998 ሊዲያ ባይክ፥ በ2002 ዳሊቦር ካርቫይ፥ በ2004 አሌክሳንድራ ሱም፥ ሦስቱም ለኦስትሪያ በቫዮሊን ተጫውተው አሸነፉ። የአራቱም መምህር አንድ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም በኪየቭ ተወልደው በቪየና የሚያስተምሩት ቦሪስ ኩሽኒር ናቸው።

ተመልካቹ ያየው ለጥቂት ደቂቃ የቆመውን ልጅ ነው፤ ከኋላው ያሉትን የልምምድ ዓመታትና ተሳስቶ እንደ ገና የጀመረባቸውን ቀኖች አላየም። መምህሩ ግን ያን ኹሉ ያውቃል። አራት ልጆች በተለያየ ዘመን ከአንድ እጅ ወጥተው ሲያሸንፉ ነገሩ የዕድል እንዳልሆነ ይታወቃል።

ዕውቀትም ሲተላለፍ ይኖራል። በ1996 ዓመት በሊዝቦን ከተማ ያሸነፈችው የጀርመን ልጅ ዩልያ ፊሸር በዚያ ጊዜ ዕድሜዋ 13 ዓመት ያህል ነበረ። ከ10 ዓመት በኋላ በ2006 በፍራንክፈርት ከተማ በሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆና ሌሎችን ማስተማር ጀመረች።

ስላላሸነፉት

ውድድር ባለበት ሁሉ አንዱ ሲያሸንፍ ብዙዎች ይቀራሉ። በቴሌቪዥን ፊት የሚደረግ ውድድር ደግሞ ከሌላው ይከብዳል፤ ልጁ ቢሳሳት ስሕተቱን በአንድ ጊዜ ብዙ አገር ያየዋልና። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ይህ ነገር የልጅን ልብ ይሰብራል ብለው ይሠጋሉ፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን የኒኮላ ቤነዴቲ ታሪክ ሌላውን ወገን ያሳያል። ይህች የስኮትላንድ ቫዮሊን ተጫዋች በ2004 ዓመት የቢቢሲን ውድድር አሸንፋ በዚያው ዓመት በስዊስ አገር በሉሰርን ከተማ ለእንግሊዝ ተወዳደረች፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ካሉት ግን አልገባችም። እርሷም መሣሪያዋን አልጣለችም። በ2018 ዓመት ውድድሩ ከኤድንበራ ታላቅ የኪነ ጥበብ በዓል ጋራ በኅብረት በስኮትላንድ ተደረገ። በ2022 ዓመት የዚያው በዓል ዲሬክተር ትሆን ዘንድ የተመረጠችው ቤነዴቲ ነበረች፤ በዓሉ ከተመሠረተበት ከ1947 ዓመት ጀምሮ ለዚህ ሥራ ሴት ስትሾም የመጀመሪያዋ ናት።

ዳኞች የሚፈርዱት በአንድ ቀን በሰሙት ላይ ነው፤ ልጁ ወደ ፊት በሚሆነው ላይ አይደለም። ይህን ለይቶ የሚያስረዳ መምህር ወይም ሽማግሌ በአጠገቡ ያለው ልጅ ቢያሸንፍ አይታበይም፥ ቢሸነፍም ተስፋ አይቈርጥም። እንዲህ ያለ ሰው ያጣ ልጅ ግን ስጦታው ምንም ታላቅ ቢሆን በአንድ ቀን ፍርድ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ልጅን ለውድድር የሚያዘጋጅ ሁሉ ከውድድሩ በኋላ ላለው ቀን ደግሞ ሊያዘጋጀው ይገባል።