ብረት የሚበላው ዱቄት፤ የግብርና ኖራ ማጓጓዣ መሣሪያ እንዴት ይነደፋል?

አሸዋማ መሬት የሚያርስ አርሶ አደር ማረሻው ቶሎ እንደሚያልቅ ያውቃል። ብረቱ ከአፈሩ የጠነከረ ቢመስልም፣ በአፈሩ ውስጥ የተሸሸጉት የአሸዋ ቅንጣቶች ዕለት ዕለት እየፋቁ ያሳጥሩታል። የኖራ ድንጋይን፣ ሲሚንቶንና መሰል ዱቄቶችን በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ውስጥም የሚኾነው ይኸው ነው።

ጉዳዩ የፋብሪካ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚኾነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደኾነ ይገመታል። በአማራ ክልልም በአዊ፣ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ችግሩ ጎልቶ ይታያል። አፈሩን ለማከም የሚውለው የግብርና ኖራ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ እስኪሠራ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ከዘር በፊት ተበትኖ መታረስ አለበት። በበልግ ወራት የፋብሪካው ማጓጓዣ ተበልቶ ቢቆም፣ ኖራው ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው ዘር ከተዘራ በኋላ ይኾናል፤ ያ የምርት ዘመንም ያመልጣል።

ታዲያ ለስላሳው ኖራ ብረትን እንዴት ይበላል? የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካው የሞህስ መለኪያ፣ የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የኾነው ካልሳይት 3 ላይ ይገኛል። ተራ ብረት 4 ገደማ ነው። ንጹሕ ኖራ ብቻውን ብዙ ጉዳት አያደርስም። ነገር ግን ከድንጋዩ ጋር የሚቆፈረው አሸዋ ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ይይዛል፤ ጥንካሬውም 7 ነው። ብረቱን የሚፍቀው በዋናነት ይህ ነው። ስለዚህ የንድፍ ሥራ የሚጀምረው ማሽኑን ከመምረጥ ሳይኾን ዱቄቱን ከማወቅ ነው። የቅንጣቱ ጥንካሬ፣ መጠንና ቅርጽ፣ የያዘው እርጥበት፣ እንዲሁም በሰዓት የሚጓጓዘው ኩንታል አስቀድመው መለካት አለባቸው።

በብዛት የሚታወቀው መሣሪያ እንደ ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ እየዞረ ዱቄቱን በገንዳ ውስጥ የሚገፋው ስክሪው ኮንቬየር ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ትንሽ ስክሪው ገዝቶ በፍጥነት ማሽከርከር ነው። የማይፋቅ፣ እንደ እህል በቀላሉ የሚፈስ ነገር ሲኾን የገንዳው 45 በመቶ እንዲሞላ ይፈቀዳል። እጅግ ለሚፍቅ ዱቄት ግን የሚመከረው 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ሰፊ ስክሪው መርጦ በዝግታ ማዞር ያዋጣል። ቶሎ የሚያልቀውን የስክሪው ጠርዝ ደግሞ በጠንካራ ብረት ብየዳ መሸፈን ይቻላል። ሌላው ደካማ ቦታ ረጅም ስክሪውን መሐል ላይ የሚደግፈው ኩሽኔታ ነው። ዱቄት ውስጥ ተነክሮ ስለሚውል ቀድሞ ይሞታል። በመኾኑም ስክሪውን አሳጥሮ ኩሽኔታዎቹን ከገንዳው ውጭ በሁለቱ ጫፎች ማድረግ ይመረጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ዱቄቱን በአየር ግፊት በቱቦ ውስጥ ማጓጓዝ ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ጠላት ፍጥነት ነው። የአየሩ ፍጥነት እጥፍ ሲኾን የቱቦው መበላት ከ6 እስከ 8 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱ ከልክ በላይ ሲቀንስ ደግሞ ዱቄቱ ተቀምጦ ቱቦውን ይዘጋል። የንድፍ ባለሙያው የሚፈልገው ቱቦው ሳይዘጋ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ቱቦው የሚቀደደው በአብዛኛው መታጠፊያው ላይ በመኾኑ፣ የመታጠፊያዎችን ቁጥር መቀነስና ውስጣቸውን በሴራሚክ ወይም ቀልጦ በተቀረጸ ባዛልት መልበስ የተለመደ ነው።

ዱቄት ከላይ ወደ ታች በሚወድቅበት ቦታም ብልሃት አለ። ከማውረጃው ሥር ትንሽ መደብ ሲሠራለት የመጀመሪያው ዱቄት እዚያው ተከማችቶ ይቀራል፤ ተከታዩም የሚወድቀው በብረቱ ላይ ሳይኾን በራሱ በዱቄቱ ላይ ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሠራበት ሌላው መንገድ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ሥር ቀላል አየር መንፋት ነው። ዱቄቱ እንደ ውኃ ይላላና በመጠነኛ ተዳፋት በራሱ ይፈስሳል። የሚሽከረከር ብረት ስለሌለው የሚፋቀውም ጥቂት ነው። እርጥበት የያዘ ዱቄት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም።

መሣሪያ ለመግዛት ያሰቡ ማኅበራትና ወጣት ባለሀብቶች ሻጩን ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል። ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎች የትኞቹ ናቸው? በቡሎን የታሰሩ ናቸው ወይስ ከነአካሉ የተበየዱ? መለዋወጫቸውስ በአቅራቢያ ይገኛል? በቡሎን የታሰረ ክፍል በሰዓታት ሊቀየር ሲችል፣ የተበየደው ግን ቀናትን ይወስዳል።

መሸፈኛ የሌለው ማጓጓዣ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ኳርትዝ ያለበት ደቃቅ አቧራ በሠራተኛው ሳንባ ገብቶ የማይድን ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ገንዳው መከደን፣ አቧራውም በማጣሪያ መሳብ አለበት።

ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ የሚወጣው ዱቄት ከቀነሰ ስክሪው እየተበላ መኾኑን መጠርጠር ይገባል። ጥገናውም ማሽኑ እስኪቆም መጠበቅ የለበትም። ዘር አልቆ የኖራ ፍላጎት በሚቀዛቀዝበት ክረምት ከተሠራ፣ ፋብሪካው ለቀጣዩ በልግ ዝግጁ ኾኖ አርሶ አደሩን ይጠብቃል።