ካልቸሩ ከመርፌው ይቅደም

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ትናንት ማኮንኪው ፕሌት ላይ ክሌብሴላ የተባለ ባክቴሪያ በቅሎ አገኘሁ፦ ሮዝ፣ የሚዝለገለግ፣ በሉፕ ሲነኩት ክር እየሠራ የሚሳብ። ዛሬ ጠዋት የአንቲባዮቲክ ዲስኮቹን ፕሌት ሳወጣ በሴፍትሪያክሶኑ ዙሪያ ክፍት ቦታ የለም፤ መድኃኒቱ አልገደለውም ማለት ነው። በሜሮፔኔሙም ዙሪያ የለም። ባክቴሪያው ዲስኩ ጥግ ድረስ በቅሏል።

ደሙ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያለባቸው እናት ነው። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ብዙ ዓመት ኖረዋል። እኔም እስከ ጦርነቱ እዚያው ላብራቶሪ ስሠራ ስለነበር ታሪካቸው አልከበደኝም። የካቲት 2015 ካርቱም ውስጥ የሐሞት ቱቧቸውን ክፍት የሚያደርግ የፕላስቲክ ስቴንት ገባላቸው። እሱ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ይደፈናል፤ ግንቦት ላይ መቀየር ነበረበት። ሚያዝያ 7፣ በቀዳም ሥዑር ተኩሱ ተጀመረ። በዚያው ሰሞን የሱዳን ብሔራዊ የሕብረተሰብ ጤና ላብራቶሪ በተዋጊዎች እጅ መውደቁን የዓለም ጤና ድርጅት ሲናገር፣ ጭንቀቱ ሁሉ እዚያ ስለተቀመጡት የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙናዎች ነበር። የተደፈነ ስቴንት ይዞ በመተማ የተሻገረውን ሰው የቆጠረው የለም።

እንግዲህ፦

1. ስቴንት ያለው ሰው ሲያንቀጠቅጠው፣ ሲያተኩሰው፣ ዐይኑ እንደገና ቢጫ ሲሆን "ካንሰሩ ነው" ብላችሁ አትቀመጡ። ስቴንቱ ተደፍኗል ብላችሁ ጀምሩ።

2. "የወፍ በሽታ ነው" እያላችሁ ቅጠል አታጠጡ። ቢጫነቱ ከሌሊት ወፍ አልመጣም፤ ሐሞቱ መውጫ አጥቶ ወደ ደም እየተመለሰ ነው።

3. ሴፍትሪያክሶን። እዚህ ላይ ልቆይ።

ናሙናው እጄ የገባው ዘጠኝ ቀን ሴፍትሪያክሶን ከተወጉ በኋላ ነው። ዘጠኝ ቀን! የመጀመሪያውን አምስት ቀን ቤት ውስጥ፣ ከፋርማሲ ተገዝቶ፣ ጎረቤት ወግቷቸው። የቀረውን ሐኪም ቤት ቀጠለበት። መድኃኒቱ ደካማውን ገድሎ ለጠንካራው ቦታ ይለቅለታል። ስቴንት ላይ የሚጣበቀው ኢንተሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ከተፈጥሮው ሴፍትሪያክሶን አይነካውም፤ መቶ መርፌ ቢወጉ ለውጥ የለም። ይህ መድኃኒት ራሱ ሐሞት ውስጥ ዝቃጭ ሊሠራ እንደሚችልስ ስንቱ ያውቃል?

የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ያለው "ትኩሳት፣ ካልቸር" ብቻ ነው። ስቴንት አለ አይልም። ምን መድኃኒት እንደጀመሩ አይልም። ወደ ዋርዱ ደውዬ ስጠይቅ "ካልቸር ቀን ይፈጃል፣ እስኪደርስ ዝም ብለን እንይ?" አሉኝ። ማንም ዝም በሉ አላለም! ደሙን ቅዱ፣ ከሁለት ቦታ፣ ከዚያ በዚያው ደቂቃ መድኃኒቱን ጀምሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጠርሙስ የለም ይባላል፤ ቤተሰብ ውጭ ሄዶ እንዲገዛ ይታዘዛል፤ እስኪመለስ መርፌው ተወግቷል። ለሜሮፔኔም በጀት የሚያገኝ ተቋም ለካልቸር ጠርሙስ እንዴት ያጣል? ይህን በየስብሰባው አነሳለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፣ እዚያው ይቀራል።

ዋናውን ሳልጽፍ ልቀር ነበር፦ ቱቦው ካልተከፈተ የትኛውም አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም። መግል ያለበት እብጠት ሳይፈነዳ በክኒን ይድናል እንደማለት ነው።

በፕሌቱ ላይ ክብ የሠራው አሚካሲን ብቻ ነው፤ እሱም በተደፈነ ቱቦ ወደ ሐሞቱ በደንብ አይደርስም። ውጤቱን እስኪወስዱት አልጠበቅኩም፤ ራሴ ይዤ ዋርድ ወጣሁ፣ ስቴንቱ ዛሬ ይቀየርላቸው ብዬ ለመንኩ። ተራቸው ማክሰኞ ነው ተባልኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው።